ያውቁ ኖሯል? ከጦሳ እስከ ባቲ፣ ባለ ስድስት እግሮቹ ጎረቤቶቻችን

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ በሚወርድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው መጀመሪያ ጆሮው ይደፈናል፣ ቀጥሎ ኮቱን ያወልቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ሐረጎ ሲያልቅ አራት ዲግሪ ያህል ሞቆናል ማለት ነው። ይህ ለሰው አንድ ኮት ነው። ለቅማል፣ ለአገዳ ቆርቁር፣ ለወባ ትንኝ ግን አገር ለአገር የመሻገር ያህል ነው። የዛሬው ዓምዳችን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ መንገድ ላይ የሚያገኛቸውን ጥቃቅን ነዋሪዎችም አንድ በአንድ እያነሣ ይጠይቃል።

ያውቁ ኖሯል? ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ፣ በነፍሳት አጥኚዎችም ዘንድ በወሎ ስም የሚታወቅ አንድ የፌንጣ ዘመድ አለ። ገበሬው «ደገዛ» ይለዋል። እንግሊዛዊው የፌንጣ አጥኚ ዴቪድ ራግ እ.ኤ.አ. በ1977 ሳይንሳዊ ስም አወጣለት፦ ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ። ደገዛ የጤፍ ጠላት ነው፤ ያውም ጊዜ ጠብቆ የሚመጣ ጠላት። ጤፉ አብቦ ወተት ሲይዝ ዘለላው ላይ ይወጣና አበባውንና እሸቱን ይለቅማል። ከመንገድ ዳር ሆኖ ለሚያየው ማሳው ያማረ ነው። ጉዱ የሚወጣው አውድማ ላይ ነው፦ ጭዱ ሙሉ፣ ፍሬው ጎደሎ።

አንዱን ደገዛ ይዘው ቀረብ አድርገው ቢያዩት ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛሉ። አንቴናዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑና ረጃጅም ናቸው። ክንፎቹ አጫጭር ስለሆኑ መብረር አይችልም፤ ወንዱ ግን አንዱን ክንፍ በሌላው ላይ እያፋተገ ይዘፍንባቸዋል። ዘፈኑን የምትሰማው ሴት ጆሮዋ ራሷ ላይ አይደለም፤ በፊት እግሯ ላይ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ስንጥቅ ነው። ከኋላዋ ሰይፍ መሳይ ነገር ቢያዩ አይደንግጡ። መናደፊያ አይደለም፤ እንቁላሏን አፈር ውስጥ የምትቀብርበት ነው። የወሎ ስም በውጭ አገር መጻሕፍት የሚነሣው በድርቅ ብቻ ሆኖ ለሚያንገበግበው ሰው ይህቺ ፍጥረት ማጽናኛ ላትሆን ትችላለች፣ ጤፋችንን ትበላለችና። የኛ ብቻ መሆኗ ግን አይካድም።

ያውቁ ኖሯል? ደገዛና አንበጣ አንድ አይደሉም። የአንበጣ አንቴና አጭር ነው፣ ጆሮውም ሆዱ ጎን ላይ ነው። አንበጣ ክንፍ ሳያወጣ በፊት ኩብኩባ ይባላል፤ የመከላከል ሥራም የሚቀልለው ያኔ ነው፣ መሬት ለመሬት ይሄዳልና። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጠዋት አፋር ላይ የታየ መንጋ ማታ ወሎ ላይ ቢያርፍ ምንም አይደንቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ግን የበረሃ አንበጣ ሁለት ጠባይ ያለው መሆኑ ነው። ብቻውን ሲያድግ ዓይነ አፋር፣ ቀለሙ ከአፈር ከቅጠሉ የሚመሳሰል፣ ወገኑን የሚሸሽ ፌንጣ ነው። ዝናብ ዘንቦ ልምላሜ ሲበዛ ይራባል፤ ልምላሜው ሲሳሳ ደግሞ ሁሉም በቀረችው ቁራጭ ሣር ላይ ይጨናነቃል። በዚህ ግፊያ መካከል የኋላ እግሮቹ በተደጋጋሚ ሲነካኩ ሰውነቱ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ያ ዓይናፋር መንጋ ፈላጊ ይሆናል። ቀለሙ ሳይቀር ይለወጣል። ቀድሞ ሊቃውንቱ የአንድ አንበጣን እንዲህ ያሉ ሁለት መልኮች ሁለት ዝርያ አድርገው ያዩ ነበር። አንድ መሆናቸውን በያኔዋ የሩሲያ ግዛት ተወልዶ እንግሊዝ አገር የሠራው ቦሪስ ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ. በ1921 ነው የገለጠው። የሴሮቶኒኑ ነገር የታወቀው ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል። በአንድ ቀን የሚበላው 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ነው። በ2013 ዓ.ም. መባቻ፣ ሰብሉ ሊታጨድ ጥቂት ሲቀረው፣ ደቡብ ወሎ ላይ የወረደው እንዲህ ያለው ነው። ያኔ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሰው ሁሉ ማሳው ውስጥ ቆሞ ጅራፍ ሲያጮህ፣ ጀሪካንና ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ጭስ ሲያጨስ ዋለ። አውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል፤ ቆርቆሮ የሚደበድበው ገበሬ ግን መንጋውን አይገድለውም፣ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሸኘዋል እንጂ። በዚያ ሰዓት ማን ይፈርድበታል?

እ.ኤ.አ. በ1958 የመጣው መንጋ ኢትዮጵያ ውስጥ 167 ሺህ ቶን እህል እንደበላ ተመዝግቧል። ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ የሚሆን እህል ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣን አብረው ለመከላከል ድርጅት ለማቋቋም የተፈራረሙት አዲስ አበባ ላይ ነው። 1958ን ያስታውሷት፤ ወደ ታች ስንወርድ በሌላ ክፉ ጉዳይ እንደገና እናገኛታለን።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንበጦችን አውግዟል። ጥቂቶቹን አስይዞ፣ በጊዜ ገደብ አገር ለቅቀው እንዲወጡ አዝዞ፣ ትእዛዙን ለቀሩት እንዲያደርሱ ለቀቃቸው። እንደ እሱ አጻጻፍ ታዝዘዋል። ይኸው ሰው ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ጽፏል፤ ገዳሙ በዚያን ጊዜ ደሴት ላይ ነበር። ሎሚና ብርቱካን እንደሚበቅልበት፣ ሐይቁ ውስጥም ጉማሬ እንዳለ ይናገራል። ዛሬ ወደ ሐይቅ ብንወርድ ሎሚ አናጣም፤ ጉማሬ ግን የለም።

በእስልምና ሳይታረዱ እንዲበሉ ከተፈቀዱት ሁለት ፍጥረታት አንዱ አንበጣ ነው፤ ሌላው ዓሣ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ም አንበጣን ከሚበሉት ይቆጥረዋል። መድኃኒት የተረጨበትን አንበጣ ግን አንዱም ኪታብ፣ አንዱም መጽሐፍ ብሉ አላለም፤ ለዶሮም እንዳይሰጡ።

አሁን ደሴ ላይ ብርድ አለና ወደ ልብሳችን እንግባ። ያውቁ ኖሯል? የሰውነት ቅማል የምትኖረው ገላ ላይ ሳይሆን ልብስ ላይ ነው። እንቁላሏን ስፌት ውስጥ ትጥላለች፣ ገላ ላይ የምትወጣው ለመብላት ብቻ ነው። ደጋ አገር፣ ልብስ በሚደራረብበትና ውሃ በሚበርድበት ስፍራ የምትበረታውም ለዚህ ነው። ግርሻ የሚባለው ትኩሳት በቅማል በኩል የሚተላለፍበት አገር ዛሬ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ኢትዮጵያ ከነዚህ አንዷ ናት። ደግሞ በሽታው የሚገባው በንክሻዋ አይደለም። ተህዋሲው ደሟ ውስጥ ስለሆነ የሚፈስሰው ስትፈርጥ ነው፤ ከዚያ በሚያክኩት ቁስል ወይም በጣትዎ በኩል ይገባል። በጥፍር እየፈረጡ መግደል ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው ዘዴ ነው፣ መጥፎ ዘዴ ነው። ልብሱን ማፍላት ይበልጣል።

ቁንጫ ከቁመቷ 100 እጥፍ የሚበልጥ ርቀት ትዘላለች።

ሙጀሌም የቁንጫ ወገን ናት፤ ከቁንጫ ሁሉ ትንሿ። ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ አንጎላ የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ከዚያ አህጉሩን ያቋረጠችው በሰው እግር ነው፤ በእግር ስንል በእግር ውስጥ ማለታችን ነው።

ዝንብ ጣዕም የምትለየው በእግሯ ነው። ሻይዎ ጠርዝ ላይ ስታርፍ ቀምሳለች፤ አልቋል። ከዝንብ ሁሉ ግን የኛን ክልል ይበልጥ የምታሳስበው የሕፃናት ዓይን ላይ የምታንዣብበው ዓይነት ናት። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ፣ ማለትም የዓይን ማዝ፣ እጅግ ከጸናባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ይህቺ ዝንብም በሽታውን ከልጅ ወደ ልጅ ታመላልሳለች። የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ጉድጓድ ሲቆፍር የጎረቤቱንም ልጅ ዓይን እየጠበቀ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ደሴ ላይ በየቆሻሻው ክምር ላይ የሚያንጎራጉረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጥፍጥፍ ያለበት ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጅ ነው፤ ከዚህ አካባቢ ውጭ አይገኝም። በዓለም ካሉት የቁራ ዘሮች በግዝፈት የሚስተካከሉት አንድ ሁለት ቢሆኑ ነው። እበት ላይ ሲያርፍ ልብ ብለው ይዩት፦ ምንቃሩን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንደ ማጭድ እያወዛወዘ እበቱን ይበትነዋል። የሚፈልገው ጢንዚዛ ውስጡ የቀበረቻቸውን ትሎች ነው። አንዳንዶቹ እበት አንከባላይ ጢንዚዛዎችም በበኩላቸው ሌሊት መንገዳቸውን ሳይስቱ የሚሄዱት የፍኖተ ሐሊብን ብርሃን እያዩ ነው። ይህ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ቁራው ግን ለሥነ ፈለክ ደንታ የለውም።

ጅብ ነፍሳት አይደለም፤ ቢሆንም አንዲት ነገር ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብን ኩስ ሰብስበው ውስጡ የተገኘውን ፀጉር የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ በዐቢይ ጾም ወራት የአህያ ፀጉር በብዛት ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፈዋል። ሰው ሲጾም ቄራው ይቀዘቅዛል፣ ጥራጊው ይጠፋል፤ ጅብ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ሰውየው ጾመ፣ የፈሰከው ጅቡ ሆነ።

ያውቁ ኖሯል? ቀይ ቀበሮ የንብን ሥራ ሲሠራ ተገኝቷል። በዓለም ላይ ወደ 500 ብቻ የቀሩት እነዚህ እንስሳት ከሚኖሩባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ የኛው ደቡብ ወሎ ነው፤ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው የዛሬው ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም ከጭላዳ ጋር ያኖራቸዋል። ባሌ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቀይ ቀበሮዎች ደጋ ላይ የሚበቅለውን ቀይና ቢጫ አበባ ከዘንግ ዘንግ እየሄዱ ማሩን ይልሳሉ፤ አፍንጫቸውም በአበባ ብናኝ ይሸፈናል። ተመራማሪዎቹን ወደ አበባው የመሯቸው የእረኛ ልጆች ናቸው። ልጆቹ ራሳቸው ይልሱት ነበር። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም ማለት ይቻላል። ይህ ውል በማን ፊት እንደተፈረመ የሚያውቅ የለም።

ቀበሮው ስለ ላሰው ማር ከተነሣ፣ ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። አንዲት ሠራተኛ ንብ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለፍታ የምታስገባው ማር የሻይ ማንኪያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ነው። አዲስ ጠጅ ሲቀርብልዎ ይህን ቢያስቡ ብርሌው ይከብድዎታል።

ጣዝማስ? ጣዝማ የምትናደፍበት መርዝ የላትም። ከመደበኛዋ ንብ በጣም የምታንስ፣ መሬት ሥር የምትኖር ናት፤ ቤቷ የሚታወቀው አፈሩ ላይ በምትተዋት ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ነው። ማሩ ቀጭን፣ ጎምዘዝ የሚል፣ ለሳልና ለጉሮሮ የሚፈለግ ነው። ችግሩ አወጣጡ ላይ ነው። ቆፋሪው ማሩን ወስዶ ሰፈሩን አፍርሶ ይሄዳል፤ ቀፎ ውስጥ እንደምትገባው ንብ ነገ ተመልሳ የምትቆረጥ አይደለችም። ዋጋው የሚንረውም፣ ከገበያ የሚጠፋውም በዚሁ ነው።

በዓለም ላይ ያሉት ጉንዳኖች እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ግምት 20 ሺህ ትሪሊዮን ይሆናሉ። ለእያንዳንዳችን 2 ሚሊዮን ተኩል ይደርሰናል።

ሐረጎን እየጨረስን ነው፤ ማሽላው ጀምሯል። ያውቁ ኖሯል? የማሽላና የበቆሎ አገዳ ቆርቁር ቢያንስ ሁለት ነው። ደጋውንና ወይና ደጋውን የያዘው ቡሴኦላ ፉስካ አፍሪካዊ ነው፤ ቆላውን የያዘው ቺሎ ፓርቴለስ ከእስያ የመጣ ነው። ስለዚህ ከላይኛው ማሳና ከታችኛው ማሳ አገዳ ሰንጥቀው ያገኟቸው ትሎች ዘመዳሞች ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ግን በጋውን የሚያሳልፉት የቆመ ወይም የተከመረ አገዳ ውስጥ ነው። አገዳውን ከአጨዳ በኋላ መሬት ላይ አጋድሞ ለአራት ሳምንት ያህል ፀሐይ ማስመታት አብዛኞቹን እንደሚፈጅ እዚሁ አገር ተሞክሮ ታይቷል። ገንዘብ አይጠይቅም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች ግን በዚህ አይመለስም፤ እሱ ክንፍ አውጥቶ በሌሊት ረጅም መንገድ የሚበር ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ግቢዎ ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለዎት ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ይዩ። የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካገኙ አይጥረጉት፣ ሊራመድ ይችላል። የአንዲት ትልቅ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ትል ነው። ሕፃን ሳለ ወፍ እንዳይበላው ኩስ መስሎ ይኖራል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በእንጨት ጫፍ ነካ ቢያደርጉት ከራሱ በላይ ሁለት ቀይ ቀንድ አውጥቶ የሚከረፋ ሽታ ይለቅቅብዎታል። ሁለት ሦስት ትል ለአንድ ዛፍ ምንም አይደለም። ለልጆችዎ ከነቅጠሉ በጠርሙስ አድርገው፣ አፉን በሻሽ አስረው ቢሰጧቸው ሙጭ ሲሆንና ክንፍ ሲያወጣ ያያሉ። የጉንዳን ሊቅ የነበረው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዊልሰን በሰባት ዓመቱ ዓሣ ሲያጠምድ አንድ ዓይኑን ተጎዳ፤ በቀረችው ዓይን ቀርቦ የሚታየውን ትንሽ ነገር መረጠና ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ጸና። እ.ኤ.አ. በ2021 በ92 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ። እኛ ዘንድ ጉንዳን ላይ ያጎነበሰ ልጅ «ተነሥ፣ ልብስህን አቆሸሽክ» ይባላል።

አሁን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነን፤ ቦርከናም ከደሴ ወርዶ ወደ አዋሽ ጉዞውን ቀጥሏል። ያውቁ ኖሯል? ብርቱውን ወባ የሚያመጣው ተህዋሲ ትንኟ ሆድ ውስጥ የሚያድገው ሙቀት ሲያገኝ ነው፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ትንኟ ደግሞ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ተህዋሲው ሳይደርስ ትሞታለች። በአገራችን 2,000 ሜትር የወባ መስመር ተደርጎ የሚወሰደውም ለዚህ ነው። ደሴ ከመስመሩ በላይ፣ ኮምቦልቻ ከመስመሩ በታች።

መስመሩ ግን አጥር አይደለም። ያስታውሷት ያልንዎት 1958 ይህቺ ናት። አንበጣው እህሉን በበላበት በዚያው ዓመት፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ስፍራዎች ወባ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አመመ፤ 150 ሺህ ያህሉ ሞተ። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በላይ ነበር፤ በሽታውን ለምዶ የማያውቀው የደጋ ሰው ደግሞ መከላከያ አልነበረውም።

የሚናከሱት ሴት ትንኞች ብቻ ናቸው፤ ደሙ ለእንቁላላቸው ነው። ወንዶቹ የአበባ ማር ይቀስማሉ።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሰኞ ገበያዋ ከሚታወቀው ባቲ ነው። ያውቁ ኖሯል? ከእስያ የመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገ አሰሳ ደግሞ ባቲ ላይ ተያዘች። የቀድሞዋ የወባ ትንኝ ረግረግና ኩሬ ትወዳለች፣ የገጠር ናት። ይህቺኛዋ ከተሜ ናት። የምትራባው በርሜል ውስጥ፣ ሮቶ ውስጥ፣ ግንባታ ላይ ለሲሚንቶ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ፋብሪካና ግንባታ የበዛባት፣ ውሃ ሲጠፋ በየቤቱ በርሜል የሚሞላባት ከተማ ናት። የውሃ በርሜልዎን ዛሬውኑ በደንብ ይክደኑ፤ ክዳን ከሌለው በወንፊት ጨርቅ አፉን ይሰሩት፣ በሳምንት አንድ ቀንም ውሃውን ጨርሰው ይደፉና ግድግዳውን ይፈትጉት።